ያለ ፈቃድዎ በድረ ገጽ የወጣ የግል ፎቶግራፍ፦ መብትዎና ሊወስዷቸው የሚገቡ እርምጃዎች

ፎቶግራፍ ለመነሣት መፍቀድ፣ ፎቶግራፉ በአደባባይ እንዲወጣ መፍቀድ ማለት አይደለም። የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን መብት የደነገገው በ1952 ዓ.ም. ነው። በዘመኑ ድረ ገጽ የሚባል ነገር ባይኖርም፣ ድንጋጌው ዛሬ በኢንተርኔት ለሚወጡ ምስሎችም መነሻ ሆኖ ያገለግላል።

ይህ ጽሑፍ የግል ፎቶግራፋቸው ያለ ፈቃዳቸው በድረ ገጽ፣ በማኅበራዊ ትስስር ገጽ ወይም በሞባይል መተግበሪያ የወጣባቸው ዜጎች ምን ማድረግ እንደሚችሉ በቅደም ተከተል ያብራራል። ምሳሌዎቹ ከሸዋ ሮቢትና ከይፋት ቆላማ አካባቢዎች ኑሮ የተወሰዱ ናቸው፤ የተጠቀሱት የፌዴራል ሕጎች ግን በመላ አገሪቱ የሚሠሩ ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ያስታውሱ፦ ፎቶው እንዲነሣ ከመጠየቅዎ በፊት ማስረጃውን ይያዙ። ማስረጃ ሳይያዝለት የተነሣ ፎቶ ማን እንዳወጣው፣ መቼ እንደወጣና ከምን ጽሑፍ ጋር እንደወጣ የሚያሳየውን ሁሉ ይዞ ይጠፋል።

ችግሩ የሚያጋጥምባቸው መንገዶች

ፎቶ ቤቶች። የሠርግ፣ የመልስ ወይም የምርቃት ፎቶ ያነሣ ባለሙያ፣ የደንበኞቹን ምስል ለሥራው ማስታወቂያ በገጹ ላይ ሊለጥፍ ይችላል። ደንበኛው የከፈለው ለፎቶው ነው፤ በማስታወቂያ ላይ ለመታየት ፈቃዱን አልሰጠም።

የስልክ ጥገና። ለጥገና የተሰጠ ስልክ ውስጥ የነበሩ ፎቶዎች ባለቤቱ ሳያውቅ ተገልብጠው ሊወጡ ይችላሉ።

የገበያ ቀን ፎቶዎች። ከሸዋ ሮቢት በስተ ሰሜን የሚገኘው የሰንበቴ የእሑድ ገበያ አፋሩን፣ አርጎባውን፣ ኦሮሞውንና አማራውን የሚያገናኝ በመሆኑ የጎብኚዎችንና የፎቶግራፍ ባለሙያዎችን ዓይን ይስባል። በዚህ ዓይነት ገበያ የተነሡ የግለሰቦች የፊት ገጽታ ፎቶዎች፣ ምስል በሚሸጡ ዓለም አቀፍ ድረ ገጾች ላይ ለሽያጭ ሲቀርቡ ይታያል።

የውጭ አገር ሥራ ፍለጋ። ወደ ዓረብ አገሮች ለመሄድ የሚያስቡ ወጣቶች ፎቶግራፋቸውንና የፓስፖርታቸውን ቅጂ ለደላላ በስልክ ይልካሉ። ምስሉ ከዚያ በኋላ የት እንደሚደርስ ላኪዋ አታውቅም። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. የቢቢሲ የዓረብኛ ክፍል ይፋ ያደረገው ምርመራ፣ በኩዌትና በሳዑዲ ዓረቢያ የቤት ሠራተኞች ፎቶግራፍ ከዋጋ ጋር በሞባይል መተግበሪያዎችና በኢንስታግራም ለገበያ ሲቀርብ እንደነበር አሳይቷል።

የሐሰት ገጾች። የታመመ ሰው ፎቶ ተወስዶ በስሙ የዕርዳታ ገንዘብ ሊሰበሰብበት፣ የአንዲት ሴት ፎቶ ተወስዶ በስሟ የሐሰት ገጽ ሊከፈትበት ይችላል። በዚህ ጊዜ ጉዳቱ ባለፎቶውን ብቻ ሳይሆን አምኖ ገንዘብ የላከውንም ያገኘዋል።

ሕጉ ምን ይላል?

የፍትሐ ብሔር ሕግ። በቁጥር 27 መሠረት የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ሊለጠፍ፣ ሊባዛ ወይም ለሽያጭ ሊቀርብ አይችልም። ቁጥር 28 ለዚህ ልዩ ሁኔታዎችን ያስቀምጣል። ሰውየው በሕዝብ ዘንድ የታወቀ ወይም የመንግሥት ሥልጣን የያዘ በመሆኑ፣ ለፍትሕ ወይም ለፖሊስ ሥራ በማስፈለጉ፣ ለሳይንስ፣ ለባህል ወይም ለትምህርት ጥቅም፣ እንዲሁም ምስሉ የሕዝብን ጥቅም ከሚመለከት ወይም በአደባባይ ከተፈጸመ ነገር ወይም በዓል ጋር ተያይዞ የወጣ ሲሆን ፈቃድ አያስፈልግም።

ስለዚህ የገበያውን ጠቅላላ ገጽታ የሚያሳይና እርስዎ በሕዝቡ መካከል የሚታዩበት ፎቶ በአብዛኛው በልዩ ሁኔታው ሥር የሚወድቅ ነው። ፊትዎን ብቻ ለይቶ ለንግድ ማስታወቂያ የዋለ ፎቶ ግን ከዚህ የተለየ ክርክር የሚያስነሣ ሲሆን፣ ውሳኔው የፍርድ ቤት ነው።

ቁጥር 29 የመፍትሔውን መንገድ ያሳያል። ባለምስሉ ድርጊቱ እንዲቆም መጠየቅ ይችላል። ፍርድ ቤቱም ፎቶውን ያወጣው ሰው ከድርጊቱ ባገኘው ጥቅም ልክ ካሣ እንዲከፍል ሊያዝ ይችላል። የኅሊና ጉዳት ካሣ የሚመጣው ደግሞ ባለምስሉ ድርጊቱ እንዲቆም ጠይቆ ወዲያውኑ ሳይቆምለት ሲቀር ነው። በመሆኑም «ፎቶዬን አንሡልኝ» የሚለው የጽሑፍ ጥያቄ ከጨዋነት ያለፈ የሕግ ትርጉም አለው፤ ቀኑ የታወቀ ጥያቄ በእጁ የሌለው ሰው ይህን የካሣ ዓይነት ለማስወሰን ይቸገራል። ባለምስሉ በሕይወት ከሌለና አወጣጡ ክብሩን ወይም ስሙን የሚነካ ከሆነ፣ በቁጥር 30 መሠረት የትዳር ጓደኛውና የቅርብ ዘመዶቹ በሕጉ ቅደም ተከተል መብቱን ሊያስከብሩለት ይችላሉ።

የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008። በአንቀጽ 13 መሠረት በኮምፒውተር ሥርዓት አማካይነት ጽሑፍ፣ ቪዲዮ፣ ድምፅ ወይም ምስል በማሰራጨት ሌላውን ሰው ወይም ቤተሰቡን ማስፈራራት፣ መረጃን ደጋግሞ በመላክ በሰው ላይ ፍርሃትና የሥነ ልቡና ጫና ማሳደር፣ እንዲሁም የሰውን ክብርና መልካም ስም የሚያጎድፍ ምስል ማሰራጨት በወንጀል ያስቀጣሉ። ስም ማጥፋትን የሚመለከተው ንዑስ አንቀጽ እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 30,000 ብር መቀጮ ወይም ሁለቱንም የሚያስቀጣ ሲሆን፣ የሚያስከስሰው ግን ተበዳዩ አቤቱታ ሲያቀርብ ብቻ ነው። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 213 መሠረት እንዲህ ያለው የግል አቤቱታ የሚቀርበው ተበዳዩ ድርጊቱን ወይም ፈጻሚውን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ነው።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016። የሰውን ማንነት የሚያሳውቅ ፎቶግራፍ የግል ዳታ ነው። አዋጁ ለባለዳታው የራሱን መረጃ የማየት፣ እንዲታረም፣ እንዲሰረዝና ጥቅም ላይ እንዳይውል የመጠየቅ መብት ይሰጣል። አፈጻጸሙን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

የቅጂ መብት። በፎቶግራፍ ላይ ሁለት የተለያዩ መብቶች አሉ፤ የተነሣው ሰው የምስል መብትና ያነሣው ሰው የቅጂ መብት። ፎቶውን እርስዎ ራስዎ በስልክዎ ያነሡት ከሆነ፣ ከዚህ በታች እንደሚብራራው ሁለተኛውም መብት ሊጠቅምዎ ይችላል።

ፎቶው መውጣቱን ሲያውቁ የሚወስዷቸው እርምጃዎች

1. ማስረጃ ይያዙ። የገጹን ስክሪንሾት ያንሡ። ፎቶው ብቻ ሳይሆን የገጹ ስም፣ የወጣበት ቀን፣ አብሮ ያለው ጽሑፍና አስተያየቶቹ መታየት አለባቸው። የገጹን ሙሉ አድራሻ ገልብጠው ያስቀምጡ። ፎቶውን ያዩበትን ቀንና ሰዓት፣ የነገረዎትንም ሰው ስም ይጻፉ። በስልክዎ የቀረው ዋናው ፎቶ ካለ አይሰርዙት። መረቡ የሚቆራረጥ ከሆነ ከሁሉ በፊት አድራሻውን ይገልብጡ። ማስረጃውን ከስልክዎ ሌላ በፍላሽ ወይም በሚያምኑት ሰው ዘንድ ያስቀምጡ።

2. ሌሎች ቅጂዎችን ይፈልጉ። ጎግል ሌንስና ቲንአይ የተባሉት አገልግሎቶች በፎቶ ፎቶን ለመፈለግ ያገለግላሉ። ፎቶው በስንት ገጾች እንደወጣ ማወቅ ጥያቄውን ለሁሉም በአንድ ጊዜ ለማቅረብ ይረዳል።

3. ባለገጹን በጽሑፍ ይጠይቁ። ጥያቄው አጭር፣ ከስድብና ከዛቻ የጸዳ፣ ቀን ያለበትና የጊዜ ገደብ የሚያስቀምጥ ይሁን። ባለገጹ የአካባቢው ፎቶ ቤት ወይም ድርጅት ከሆነ ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አዘጋጅተው፣ በአንዱ ላይ ፊርማና ቀን አስቀብለው ይያዙ። በስልክ ወይም በቃል ብቻ የቀረበ ጥያቄ ለማስረዳት ያስቸግራል። የሚያስፈራራዎትን ወይም ገንዘብ የሚጠይቅዎትን ሰው ግን በራስዎ አይጻጻፉት፤ ቀጥታ ወደ ፖሊስ ይሂዱ።

4. ለመድረኩ ሪፖርት ያድርጉ። ፌስቡክ፣ ኢንስታግራም፣ ቲክቶክ፣ ዩቲዩብና ቴሌግራም ሪፖርት የሚደረግበት ቁልፍ አላቸው። «ወድጄዋለሁ» ወይም «አልወደድኩትም» የሚለውን መጫን ሪፖርት አይደለም። ምክንያቱን ሲመርጡ የግል ሕይወት መብት መጣስ፣ በስም ማስመሰል ወይም ማስፈራራት ከሚሉት ለጉዳይዎ የሚስማማውን ይምረጡ። የሚደርስዎትን ምላሽም ስክሪንሾት አንሥተው ያስቀምጡ።

5. የድረ ገጹን አስተናጋጅ ያግኙ። ባለገጹ ካልመለሰ፣ ድረ ገጹን በኮምፒውተሩ ላይ ያስቀመጠለት ድርጅት ይኖራል። የድረ ገጽ ስሞች ምዝገባ በኢንተርኔት ስለሚፈለግ፣ ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው መዝጋቢውንና አስተናጋጁን ሊያገኝልዎ ይችላል። አስተናጋጁ አሜሪካዊ ከሆነና ፎቶውን ያነሡት እርስዎ ከሆኑ፣ በዚያ አገር በ1998 እ.ኤ.አ. በወጣው የዲጂታል ቅጂ መብት ሕግ መሠረት የማስወገጃ ማስታወቂያ መላክ ይችላሉ። መረጃውን የያዘው ድርጅት የተቋቋመው በአውሮፓ ኅብረት አገር ከሆነ ደግሞ፣ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የኅብረቱ የዳታ ጥበቃ ደንብ በአንቀጽ 17 የመሰረዝ መብትን ይሰጣል። ይህን መብት ለመጠየቅ የአውሮፓ ዜጋ መሆን አያስፈልግም።

6. ከፍለጋ ውጤት እንዲወጣ ይጠይቁ። ጎግል እርቃንን የሚያሳዩና ያለ ፈቃድ የወጡ ምስሎች፣ እንዲሁም የልጆች ፎቶዎች ከፍለጋ ውጤቱ እንዲወጡ የሚጠየቅበት ቅጽ አለው። ይህ ፎቶውን ከዋናው ድረ ገጽ አያጠፋውም፤ ስምዎን የሚፈልግ ሰው በቀላሉ እንዳያገኘው ግን ያደርጋል።

7. አቤቱታዎን ለፖሊስ ወይም ለዐቃቤ ሕግ ያቅርቡ። ድርጊቱ ማስፈራራት፣ ስም ማጥፋት፣ ማታለል ወይም እርቃንን ማሰራጨት ከሆነ የመድረኩን ምላሽ አይጠብቁ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጁ አገልግሎት ሰጪዎች የግንኙነት መረጃን ቢያንስ ለ1 ዓመት እንዲያቆዩ ያስገድዳል፤ ጊዜ ባለፈ ቁጥር ፈጻሚውን ለመለየት የሚያስችለው መረጃ ሊጠፋ ይችላል።

8. የፍትሐ ብሔር ክስ ያቅርቡ። ፎቶውን ያወጣው ሰው ወይም ድርጅት በአገር ውስጥ የሚገኝ ከሆነ፣ ድርጊቱ እንዲቆምና ካሣ እንዲከፈልዎ በፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት የሚቀርብ የካሣ ክስ በ2 ዓመት ውስጥ እንዲቀርብ ስለሚደነግግ ጉዳዩን አያዘግዩ።

የጥያቄ ደብዳቤ ናሙና

ቀን፦ ____________
ለ፦ ____________ (የድረ ገጹ ባለቤት ወይም የድርጅቱ ስም)
ጉዳዩ፦ ያለ ፈቃዴ የወጣ ፎቶግራፌ እንዲነሣ ስለመጠየቅ
«ከዚህ በታች አድራሻው በተጠቀሰው ገጽ ላይ የእኔ ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዴ ወጥቶ አግኝቼዋለሁ። ፎቶግራፉ እንዲወጣ በጽሑፍም ሆነ በቃል ፈቃድ አልሰጠሁም። በመሆኑም በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 27 እና 29 መሠረት ይህ ጥያቄ እንደደረሳችሁ ወዲያውኑ፣ ቢዘገይ በ___ ቀን ውስጥ፣ ፎቶግራፉን ከገጹና ካስቀመጣችሁበት ሁሉ እንድታነሡ፣ መነሣቱንም በጽሑፍ እንድታሳውቁኝ እጠይቃለሁ። ይህ ካልሆነ መብቴን በሕግ ለማስከበር የምገደድ መሆኑን በአክብሮት እገልጻለሁ።»
የገጹ አድራሻ፦ ____________
ስምና ፊርማ፦ ____________

ለውጭ አገር ድረ ገጽ የሚላክ ከሆነ ይህንኑ በእንግሊዝኛ አስተርጉመው ይላኩ። የመታወቂያዎን ቅጂ ለማያውቁት ድረ ገጽ አይላኩ። ማንነትን ማረጋገጥ ግዴታ ከሆነ፣ ለጉዳዩ የማያስፈልገውን የመታወቂያውን ክፍል ሸፍነው ይላኩ።

ልዩ ጥንቃቄ የሚሹ ጉዳዮች

እርቃንን የሚያሳይ ምስልና ማስፈራራት። «ገንዘብ ካልላክሽ ፎቶሽን አወጣዋለሁ» የሚል ሰው ቢያጋጥም ገንዘብ አለመላክ ይመከራል፤ አንድ ጊዜ የተከፈለው ተመልሶ እንዲጠይቅ ያደፋፍረዋል። መልእክቱን፣ የስልክ ቁጥሩንና የባንክ ሒሳቡን ይዘው ለፖሊስ ያመልክቱ። ዕድሜያቸው 18 ዓመት የሞላቸው ሰዎች «ስቶፕ ኤንሲአይአይ» በተባለው ዓለም አቀፍ አገልግሎት መጠቀም ይችላሉ። አገልግሎቱ ፎቶውን ከስልክዎ ሳይወስድ የፎቶውን የቁጥር አሻራ ብቻ በማዘጋጀት ለተባባሪ መድረኮች ያሳውቃል፤ መድረኮቹም ተመሳሳዩን ምስል ለይተው ያግዳሉ። ከ18 ዓመት በታች ለነበሩበት ጊዜ ምስል «ቴክ ኢት ዳውን» የተባለው ተመሳሳይ አገልግሎት አለ። ምስሉ የወጣባት ሰው ጥፋተኛ አይደለችም፤ ቤተሰብም በቁጣ ስልኳን ነጥቆ ከመስበር ይልቅ ማስረጃውን ጠብቆ ከጎኗ ሊቆም ይገባል።

ልጆች። አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ፎቶ ሲወጣ ወላጅ ወይም አሳዳሪ ጥያቄውን ያቀርባል። ልጅን ወሲባዊ በሆነ ሁኔታ የሚያሳይ ምስል ማዘጋጀትም ሆነ ማሰራጨት በአዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 12 ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። እንዲህ ያለውን ምስል «ለማሳወቅ» በሚል እንኳ ለሌላ ሰው አያስተላልፉት፤ አድራሻውን ብቻ ለፖሊስ ይስጡ።

ፎቶን ከጥላቻ ንግግር ጋር ማውጣት። ይህ ሕይወትን የሚያስከፍል ሊሆን ይችላል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ፣ ፎቶግራፋቸው ከውንጀላ ጋር በፌስቡክ ከተሰራጨ በኋላ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. በባሕር ዳር በሚገኘው ቤታቸው አቅራቢያ ተገድለዋል። ልጃቸው በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የፌስቡክ ባለቤት በሆነው ሜታ ላይ በኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ክስ መሥርቷል። እንደ ክሱ አቤቱታ፣ ጽሑፎቹ እንዲነሡ ከግድያው በፊት ለኩባንያው ሪፖርት ተደርጎ ነበር። ፍርድ ቤቱ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወስኗል።

በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የማኅበራዊ ሚዲያ አገልግሎት ሰጪዎች የጥላቻ ንግግርን ወይም የሐሰተኛ መረጃን የሚመለከት ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሡ ይጠይቃል። ነገር ግን ፎቶዎ ከብሔርዎ፣ ከሃይማኖትዎ ወይም ከመኖሪያ ሰፈርዎ ጋር ተያይዞ ጥቃት በሚቀሰቅስ መልኩ ከወጣ 24 ሰዓቱን መጠበቅ አይገባም። በዚያው ሰዓት ለፖሊስ ያሳውቁ፤ ለጊዜውም ቢሆን ከቤተሰብዎ ጋር የሚቆዩበትን ቦታ ያስቡ። ሌሎችም ምስሉን «ተመልከቱ ይህን» ብለው ማጋራት የለባቸውም።

የውጭ አገር ሥራ። ፎቶግራፍና ፓስፖርት የሚሰጠው ፈቃድ ላለው ኤጀንሲ ብቻ ነው። የኤጀንሲውን ፈቃድ በአካባቢዎ የሥራ ጉዳይን በሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ሳያረጋግጡ ምስልዎን በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ አይላኩ።

ምን መጠበቅ ይቻላል?

በአገር ውስጥ ካለ ፎቶ ቤት ወይም ድርጅት ጋር ያለ ጉዳይ ብዙ ጊዜ በአንድ ደብዳቤ ሊያልቅ ይችላል። ባለቤቱ በማይታወቅ የውጭ ድረ ገጽ ላይ የወጣ ፎቶ ግን ጊዜ ይወስዳል፤ ከአንዱ ሲነሣ በሌላው ሊወጣም ይችላል። ይህ ሲሆን ቀድሞ የተያዘው ማስረጃና የተጻፈው ደብዳቤ ለቀጣዩ ጥያቄም ያገለግላል። «በገንዘብ ከኢንተርኔት ሁሉ አጠፋልዎታለሁ» የሚሉ ሰዎችን አይመኑ፤ ከላይ የተጠቀሱት የሪፖርት ማድረጊያና የማስወገጃ ቅጾች ክፍያ አይጠየቅባቸውም።

አስቀድሞ ለመጠንቀቅ

ለፎቶ ቤት ሲከፍሉ ፎቶው ለማስታወቂያ እንዳይውል በደረሰኙ ወይም በውሉ ላይ ያስጽፉ። ስልክ ለጥገና ሲሰጡ ሚሞሪ ካርዱን አውጥተው፣ የሚቻል ከሆነም ፎቶዎቹን ወደ ሌላ ቦታ አዛውረው ይስጡ። ስልክዎንና ገጾችዎን በይለፍ ቃል ይቆልፉ። የልጆችዎን ፎቶ ከትምህርት ቤታቸው ስም ጋር አይለጥፉ። በገበያ ላይ ፎቶ ሊያነሣዎት የሚፈልግ ሰው ቢጠይቅዎ «ለምን ይውላል?» ብለው የመጠየቅና እምቢ የማለት መብት አለዎት።

የት ማመልከት ይቻላል?

በሸዋ ሮቢት ከተማ የሚኖሩ ተገልጋዮች ለከተማው ፖሊስ ወይም ለፍትሕ ጽሕፈት ቤት፣ በቀወት፣ በኤፍራታና ግድም እና በአጎራባች ወረዳዎች የሚኖሩ ደግሞ ለየወረዳቸው ፖሊስና ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይችላሉ። አቤቱታ ለማስመዝገብ ወደ አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም። መጻፍ የማይችል ሰው ጉዳዩን በቃሉ ያስረዳል፤ ተቀባዩ አካል በጽሑፍ መዝግቦ ካነበበለት በኋላ ይፈርማል። ሴቶችና ልጆች በየደረጃው ባለው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ድጋፍ መጠየቅ ይችላሉ። የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር የሳይበር ጥቃት ጥቆማዎችን በ933 የስልክ መስመር ይቀበላል። የግል ዳታ አያያዝን የሚመለከት አቤቱታ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ይቀርባል። ጠበቃ ለመቅጠር አቅም የሌላቸው ዜጎች በፍትሕ ተቋማትና በዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች የሚሰጠውን የነጻ የሕግ ድጋፍ መጠየቅ ይችላሉ።

ለማመልከት ሲሄዱ መታወቂያዎን፣ የገጹን አድራሻ፣ የታተመ ስክሪንሾት፣ የላኩትን የጥያቄ ደብዳቤና ምላሽ ካለም ምላሹን ይዘው ይቅረቡ። አቤቱታዎ የተመዘገበበትን ቁጥርና ቀን ሳይቀበሉ አይመለሱ።